ለማያውቁኝ ሰዎች ብቻ

ጌታን ከተቀበልኩ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሊሞላኝ ነው። እስከ ባለፈው መጋቢት ድረስ ግን ስለ እምነቴ ለአንድ ሰው እንኳ ተንፍሼ አላውቅም ነበር። ይህን የምናውቀው እግዚአብሔር፣ እኔና ባለቤቴ ነን። ሦስታችንም ለማንም አላወራንም።

በመጋቢት አንድ እሑድ እንግዳ አስተማሪ ወደ ቤተ ክርስቲያናችን መጣ። ቀጭን፣ ፈጣን፣ መድረክ ላይ አንድ ቦታ መቆም የማይሆንለት ሰው ነው። ትምህርቱን ከመጀመሩ በፊት «ባለፈው አንድ ዓመት ውስጥ ለማያውቀው ሰው ስለ ኢየሱስ የመሰከረ እስቲ እጁን ያውጣ» አለ። ከፊቴ ያሉት አወጡ። ከጎኔ ያሉት አወጡ። ከኋላዬ ያሉትን ዞሬ ባላይም የልብሳቸው ኮሽታ ይሰማኛል። እጄ እኔን ሳያማክር ብድግ አለ። ባለቤቴ መጀመሪያ እጄን አየችው። ቀጥሎ ፊቴን አየችው። ከዚያ መጽሐፍ ቅዱሷን ከፍታ በጥሞና ማንበብ ጀመረች፤ የከፈተችው ግን ማውጫውን ነበር።

«እጃችሁን ያወጣችሁ ተባረኩ» አለ አስተማሪው። «ለወንጌል ስርጭት የምናሠለጥነው ከእናንተ መካከል ነው። ከአምልኮ በኋላ ቆዩ፣ ስም እንመዘግባለን።»

መንፈሳዊ ጥሪ በተለያየ መንገድ ይመጣል ይባላል። የእኔ በዚህ መንገድ መጣ።

በተፈጥሮዬ ከሰው ጋር የማወራ አይደለሁም። የምሠራው በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ነው። ፋይል አያናግርም፣ እኔም አላናግረውም፣ ተከባብረን እንኖራለን። ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት አፍሬ፣ ሌላ ሰው እስኪል ስጠብቅ ሁለት ፌርማታ ያለፍኩበት ቀን አለ። እንደዚህ ያለው ሰው ነው እንግዲህ ሕዝብን ሊያድን የተመዘገበው።

ሥልጠናው ሦስት ቅዳሜ ፈጀ። ዋናው ነገር «ድልድይ» ይባላል። ሰው ሁሉ የሚያወራው ነገር አለ፤ እኛ ከዚያ ወሬ ተነስተን ወደ ወንጌል ድልድይ እንሠራለን።

«ሰውየው መብራት ጠፋ ካለ?» ይላል አስተማሪው።

«የዓለም ብርሃን!» እንላለን በአንድ ድምፅ።

«ውሃ ከመጣ ሁለት ሳምንት ሆነው ካለ?»

«የሕይወት ውሃ!»

«ዳቦ ተወደደ ካለ?»

«የሕይወት እንጀራ!»

«መንገዱ ተዘጋ ካለ?»

እዚህ ላይ ደብተራችንን አገላበጥን። ከኋላ አንዲት ሴት «እኔ መንገድ ነኝ!» ብላ ጮኸች። ተጨበጨበላት።

ያን ቀን ወደ ቤቴ ስመለስ አካባቢያችን ለወንጌል እንዴት የተመቸ እንደሆነ ተገለጠልኝ። መብራት ይጠፋል፣ ውሃ አይመጣም፣ ዳቦ ይወደዳል፣ መንገድ ይቆፈራል። ሁሉ የተሟላለት አገር የሚያገለግሉ ወንድሞች በምን እንደሚጀምሩ እንጃ።

ድልድይ ያልተገኘ እንደሆነ ደግሞ ለችግር ጊዜ የተቀመጠ አንድ ጥያቄ ነበር። «ዛሬ ብትሞት የት ትሄዳለህ?» የሚል። በመጨረሻው ቅዳሜ አስተማሪው አንድ ምክር ጨመረልን። «ከማያውቃችሁ ሰው ጀምሩ» አለ። «የማያውቃችሁ ሰው ይቀላል።» ለምን እንደሚቀል አላብራራም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ውጤታችንን በየማታው የምንጽፍበት የቴሌግራም ግሩፕ ተከፈተልንና ተሰማራን።

የመጀመሪያው ሙከራዬ ሰኞ ጠዋት ከአየር ጤና ወደ ሜክሲኮ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ነበር። ከጎኔ ኮት የለበሰ፣ ጉልበቱ ላይ ቦርሳ ያስቀመጠ ጎልማሳ ተቀምጧል። ስለ መብራት እንዲያነሳ ጠበቅኩ። አላነሳም። ስለ ውሃም ዝም አለ። ጦር ኃይሎች ልንደርስ ስንል ጊዜ እያለቀብኝ መሆኑን አይቼ የችግር ጊዜውን ጥያቄ አወጣሁ።

«ወንድሜ፣ ዛሬ ብትሞት የት ትሄዳለህ?»

ሰውየው ቀስ ብሎ ዞረ። መጀመሪያ እኔን አየ። ቀጥሎ ሹፌሩን አየ። ሹፌሩ በአንድ እጁ ስልክ ያወራል።

«ምን አይተህ ነው?» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ምንም አላየሁም፣ እንዲሁ...»

«ፍሬኑ ነው?»

ይህን ያለው ቀስ ብሎ ነበር፤ ከኋላ ያለችው ሴት ግን ጆሮዋ ቅርብ ነው። «ፍሬን የለውም እንዴ?» አለች። ከእሷ ኋላ ያሉት «ምን አለች?» ተባባሉ። ረዳቱ በሩን እንደያዘ ዞሮ «ማነው ፍሬን የለውም ያለው?» ሲል ኮት የለበሰው ሰው በጣቱ አሳየኝ። «እሱ ነው። ዛሬ እንሞታለን እያለ ነው።»

ሹፌሩ ስልኩን ዘጋና መኪናውን ዳር አስያዘ። በመስታወቱ እያየኝ «ውረድልኝ» አለ። «በጠዋት ሟርት አልፈልግም። ገና ቁርስ አልበላሁም።»

እኔ ወንጌል ልናገር እንደነበር ለማስረዳት አፌን ስከፍት በሩ ተዘጋ። ቀሪውን መንገድ በእግሬ ሄድኩ፣ ሥራም አረፈድኩ። ማታ ግሩፑ ላይ «ዛሬ አንድ ሙሉ ታክሲ ሰው ስለ ዘላለም እንዲያስብ ጌታ ረድቶኛል» ብዬ ጻፍኩ። እሳትና ጭብጨባ ጎረፈልኝ። አስተማሪው ራሱ «ይህ ነው ድፍረት!» አለ።

በሳምንቱ ሁለተኛውን ሰው እዚያው አየር ጤና የታክሲ ሰልፍ ላይ አገኘሁ። በእኔ ዕድሜ ያለ፣ ፊቱ የተረጋጋ ሰው ነው። ሰልፉ ረጅም ነበር፣ ታክሲ የለም፣ መንገዱም ተቆፍሯል። ማለትም ሁሉም ነገር ተመችቷል። «መንገዱ አስቸገረን አይደል?» ብዬ ጀመርኩና ከመንገዱ ወደ መንገዱ ተሻገርኩ። ሰውየው አላቋረጠኝም። ራሱን ይነቀንቃል፣ ዓይን ዓይኔን ያያል፣ አንዳንዴም «እሺ፣ ከዚያስ?» ይላል። እንዲህ ያለ የተጠማ ነፍስ አይቼ አላውቅም። ከፍጥረት ጀምሬ እስከ ዳግም ምጽአት ወሰድኩት።

ስጨርስ ትከሻዬን ያዝ አደረገኝ። «ሸክምህን ሁሉ ስላራገፍክልኝ ደስ ብሎኛል» አለና ቦርሳውን ከፈተ። «አሁን እኔ ደግሞ አንድ የምሥራች ልንገርህ።»

ከቦርሳው ያወጣው ትራክት ከእኔ ትራክት የሚለየው በቀለሙ ብቻ ነበር። የሌላ ቤተ ክርስቲያን ሰው ነው። የእነሱ ሥልጠና «መጀመሪያ ስሙ፣ ሰው ከተናገረ በኋላ ልቡ ይከፈታል» ይላል አሉ። እኔ ስናገር እሱ ተራውን ሲጠብቅ ነበር።

«እኔ እኮ አማኝ ነኝ» አልኩት።

«ገባኝ» አለ። «ግን ጀምሬዋለሁ፣ ልጨርሰው።»

ጨረሰው። ፍትሐዊ ነው፤ እኔም ጨርሼበታለሁ። መጨረሻ ላይ አብረን ፎቶ እንነሳ አለኝ። እሺ አልኩ። እኔም በስልኬ አነሳሁት። ያን ዕለት ማታ እኔ በእነሱ ግሩፕ፣ እሱ በእኛ ግሩፕ ጌታን ተቀበልን።

በሦስተኛው ሳምንት ትራክት ለማደል አካባቢ ሲከፋፈል ለእኔ ከአየር ጤና ወደ ቆሻሻ መጣያው፣ ወደ ቆሼ፣ የሚወስደው መንገድ ደረሰኝ። እዚያ መንገድ ዳር አንዲት ሴት ትልቅ ማዳበሪያ አጠገብ ተቀምጣ የላስቲክ ጠርሙስ ከክዳኑ ትለያለች። ሰላም ብዬ አንድ ትራክት ሰጠኋት። ተቀበለችኝ። በፊቱም በጀርባውም አየችው። በጣቷ ዳበሰችው።

«ከዚህ ስንት አለህ?» አለችኝ።

ልቤ ዘለለ። «መቶ ያህል ይሆናል።»

«ሁሉንም ትሰጠኛለህ?»

«ለማን ልትሰጪው ነው?»

«ለሚረከበን ሰውዬ።»

እሷ ብቻ ሳትሆን የሚረከባት ሰውዬም የተጠማ ነው ብዬ አሰብኩ። እስሩን እንዳለ ሰጠኋት። አንዱን መዘዘች፣ በጥፍሯ ፋቀችው፣ ጠርዙን ቀደድ አድርጋ በፀሐይ አየችው። ከዚያ ራሷን ነቀነቀች። «ያብለጨልጫል» አለች። «የሚያብለጨልጭ ወረቀት አይረከቡንም። እንካ።» ጠርዙን አስተካክላ፣ አቧራውን በቀሚሷ ጠርጋ መለሰችልኝ። ልሄድ ስነሳ አዘነችልኝ መሰል «የጋዜጣ ዓይነት ሲኖርህ አምጣ» አለችኝ።

በሪፖርቴ ላይ «አንዲት እህት ያለኝን ትራክት በሙሉ በጉጉት ጠየቀችኝ» ብዬ ጻፍኩ። እስከዚያ ድረስ እውነት ነው። የእጅ ጓንቷ ሁለት ጣት አልነበረውም። ይህንን ቆሜ ሳወራት አላየሁም ማለት ይቻላል፤ ትዝ ያለኝ ቤቴ ገብቼ እጄን ስታጠብ ነው።

ከዚያ የባለሱቁ ነገር መጣ።

ባለሱቁ ከወራቤ በኩል የመጡ፣ ጢማቸውን ሂና የሚቀቡ ሙስሊም አዛውንት ናቸው። መካ ደርሰው ስለመጡ ሰፈሩ ሀጂ ይላቸዋል። ሱቁን ከፈቱ ገና ዓመታቸው ነው። ስለዚህ ከሰላምታና ከዳቦ በቀር የምንተዋወቅ አልነበርንም። በደንቡ መሠረት የማያውቁኝ ሰው ናቸው።

«ሀጂ፣ ዳቦ ተወደደ አይደል?» አልኳቸው አንድ ቅዳሜ ከሰዓት።

«ተወደደ።»

«ሰው ግን በዳቦ ብቻ አይኖርም።»

«ልክ ነህ፣ ስኳሩም ጨምሯል። ስንት ኪሎ ላድርግልህ?»

አንድ ኪሎ ስኳር ገዝቼ ድልድዩን እንደገና ከመሠረቱ ጀመርኩ። እሳቸው የሩዝ ጆንያ ላይ ተቀምጠው አዳመጡኝ። ደንበኛ ሲመጣ «አንዴ ቆይ» ብለው ያስተናግዱና ካቆምኩበት ያስቀጥሉኛል። እንዲያውም አንድ ቦታ ጠፍቶብኝ ያስታወሱኝ እሳቸው ናቸው። ስጨርስ ጢማቸውን ዳበስ አደረጉ።

«መልካም ነው። እኛም ዒሳን እናከብራለን። አሁን እኔ አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ አትቀየመኝም?»

«ኧረ በፍጹም። ይጠይቁኝ።» ስለ ሥላሴ የተዘጋጀሁበት መልስ ነበረኝ።

«ጎረቤትህ፣ እኚያ እትዬ፣ እዚህ ቆመው ሳለ አንተ ስትመጣ ለምንድነው ዕቃቸውን ትተው የሚሄዱት? ባለፈው ዘይታቸውን ጥለው ሄዱ። እኔ ነኝ ያደረስኩላቸው።»

ለዚህ አልተዘጋጀሁም። «ትንሽ አለመግባባት ነው» አልኩ።

«ከመቼ ወዲህ?»

«ከሐምሌ።»

በጣታቸው ቆጠሩ። «ዘጠኝ ወር! እኛ ሙስሊም ወንድሙን ከሦስት ቀን በላይ ማኩረፍ አይፈቀድለትም። በእናንተስ ስንት ነው የተፈቀደው?»

ጥቅሱን አውቀዋለሁ፤ በቃሌ ነው የማውቀው። «በእኛ... ፀሐይ እስክትጠልቅ ነው» አልኩ።

ሀጂ ወደ ሰማይ ቀና አሉ። «እና የእናንተ ፀሐይ ዘጠኝ ወር ሙሉ አልጠለቀችም?»

አልሳቁም። እኔም አልሳቅኩም። ስኳሬን ይዤ ወጣሁ፤ ዳቦውን ረሳሁት።

የጎረቤቴ ነገር እንዲህ ነው። እኔ ያደግኩት እዚሁ ቀራንዮ፣ አሁን በምኖርበት ግቢ ውስጥ ነው። እትዬ ደግሞ ከግንቡ ወዲያ ናቸው። ከጎጃም በልጅነታቸው የመጡ፣ የእናቴ የልብ ጓደኛ ነበሩ። መድኃኔዓለም የሚሄዱት አብረው ነበር። እኔ ሃይማኖቴን የቀየርኩ ጊዜ እናቴ ስታለቅስ «ተይው፣ ልጅ ነው፣ ይመለሳል» ብለው ያጽናኗት እሳቸው ናቸው። ንፍጤን በነጠላቸው ጠርገው አሳድገውኛል።

አምና አንድ ክፍል ጨምሬ ጣሪያ ሳስመታ አሸንዳውን ወደ እሳቸው ግቢ አዞርኩት። ወደ እኔ ቢዞር በሬ ላይ ይፈስሳል፣ ለዚህ ነው። ክረምት ሲገባ የጣሪያዬ ውሃ የማድቤታቸውን የጭቃ ግድግዳ መታው። ሐምሌ ላይ አንድ ቀን ጃንጥላ ይዘው በሬ ላይ መጡ። «ልጄ፣ ውሃህ ግድግዳዬን በላው፣ እስቲ እየው» አሉኝ። መንገድ ላይ ሰው ነበር። እኔ ያን ቀን መሥሪያ ቤት አለቃዬ ተቆጥቶኝ፣ ለእሱ ያልመለስኩት መልስ ሁሉ ጉሮሮዬ ላይ ነበር።

«ከፈለግሽ ሂጂና ክሰሺ!» አልኳቸው።

ከዚያ በፊት እሳቸውን ያለ «እርስዎ» ጠርቼ አላውቅም። የገዛ እናቴ እንኳ በዕድሜ ስለሚበልጧት አንቱ ነበር የምትላቸው። እትዬ ጃንጥላቸውን ዝቅ አድርገው ትንሽ አዩኝ። «አንቺ አልከኝ?» አሉ። ዞረው ሄዱ። እኔም ገባሁ፣ በሩን ዘጋሁ፣ ማታ የቤት ውስጥ ጸሎታችንን መራሁ።

ከሱቅ ስመለስ ይህን ሁሉ ለባለቤቴ እንደ አዲስ ግኝት ነገርኳት። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። «ሀጂ እውነታቸውን ነው» አልኳት። «መጀመሪያ መታረቅ አለብኝ።»

ቢላዋውን አስቀመጠች። «እኔ ዘጠኝ ወር ሙሉ ምን ስልህ ነበር?»

«አንቺ ሚስቴ ነሽ...»

«አዎ፣ እኔ አውቅሃለሁ» አለች። «ችግሩ እሱ ነው። አንተ የምትሰብከው ለማያውቁህ ሰዎች ብቻ ነው።»

ሽንኩርቱ ነው መሰለኝ ሁለታችንም ዓይናችንን ጠረግን።

በማግስቱ ከአምልኮ በኋላ የእትዬን የቆርቆሮ በር አንኳኳሁ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ እትዬ።»

በሩ አልተከፈተም። ከዚያ ድምፃቸው ከበሩ ወዲያ መጣ። «ዛሬ ደግሞ የኔ ተራ ደረሰ?»

«አይደለም እትዬ። ይቅርታ ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት።»

«ለኔ በይቅርታ ነው የሚጀመረው?»

«ምኑ?»

«ስብከቱ ነዋ። ለሀጂ በዳቦ ነው የጀመርክላቸው አሉ። ታክሲው ላይ በሞት ጀምረህ አስወረዱህ አሉ።»

ሰፈሩ ሁሉ እንደሰማ ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው። «እትዬ ይሙቱ፣ ዛሬ ምንም አልሰብክም። ስለ አሸንዳው ነው።»

«አሃ! በውሃ ነው የመጣኸው» አሉ። «የሕይወት ውሃ ልትለኝ ነው። አየህ፣ አውቀዋለሁ፤ ያንን ወረቀትህን በሬ ሥር ስትከት የከረምከው አንተ አይደለህም? እኔ ማዕተቤ አንገቴ ላይ ነው። ሂድ ልጄ፣ ሌላ ሰው ፈልግ።»

ወረቀቱን በሩ ሥር የከተትኩት እኔ አልነበርኩም፣ ሰፈራችን የደረሰው የእኛው ሌላ ቡድን ነው። ግን ይህን ለማስረዳት መሞከር ራሱ ድልድይ ይመስል ነበር። የተማርኩት ነገር ሁሉ አፌ ላይ ያሉትን ቃላት አስቀድሞ በልቶብኛል። ይቅርታ ስል ስብከት ይመስላል፣ ውሃ ስል ስብከት ይመስላል። ዝም ስል ደግሞ ጸሎት ላይ ነኝ የሚሉ መሰለኝ። ትንሽ ቆሜ ተመለስኩ።

ሽማግሌ መላክ ነበረብኝ። የእኛ ሽማግሌዎች ቢሄዱ ሊሰብኩ መጡ ይባላል፣ የመድኃኔዓለም ሰዎችን እንዳልልክ ደግሞ የሚያውቀኝ የለም። ወደ ሀጂ ሄድኩ። ሱቃቸውን ለልጃቸው ትተው፣ ነጭ ኮፍያቸውን አስተካክለው፣ ያንኑ ዕለት እትዬ ቤት ገቡ። አንድ ሰዓት ያህል ቆዩ። እኔ ከግንቡ ወዲህ ቆሜ የሚሰማኝ የእትዬ ሳቅ ብቻ ነው። ስለ ምን እንደሚሳቅ ገምቼ ነበር።

ሀጂ ሲመለሱ ሁለት ነገር ይዘው መጡ። «አንደኛው አሸንዳው ይዞርላቸው። ግድግዳውን ራሳቸው አስለጥፈውታል፣ እሱን ትተውልሃል።»

«እሺ፣ ዛሬውኑ። ሁለተኛውስ?»

«ሁለተኛው፣ “አንቺ ያለኝ በሰው ፊት ነው፣ እርስዎ የሚለኝም በሰው ፊት ይሁን” ብለዋል። ነገ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ፣ ዳቦ ሲመጣ፣ እኔ ሱቅ።»

ዳቦ ሲመጣ ሀጂ ሱቅ በር ላይ ሰፈሩ በሙሉ ይሰለፋል። ሰዓቱን የመረጡት አስበውበት ነው።

በማግስቱ አንድ ሰዓት ላይ ደረስኩ። ሰልፉ እስከ መብራት ምሰሶው ደርሷል። እትዬ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ከኪዳን እንደመጡ፣ ከፊት ቆመዋል። ወሬው ቀድሞኝ ደርሶ ነበር መሰለኝ ሰዉ ዞር ዞር ብሎ አየኝ። ታክሲ ውስጥ ወራጅ አለ ማለት የሚከብደኝ ሰው ነኝ። በሰልፉ ጎን አልፌ ወደ ፊት ሄድኩ።

«እትዬ፣ እንደምን አደሩ?»

«አልሰማሁህም» አሉ፣ ፊት ለፊታቸው ቆሜ።

«እትዬ፣ እንደምን አደሩ! ባለፈው ክረምት ያሳዘንኩዎት እኔ ነኝ። እርስዎ እናቴ ነዎት። በእግዚአብሔር ስም ይቅር ይበሉኝ።»

ድምፄ ራሴን አስደነገጠኝ። ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል ክንዴን ያዙኝ። ሰልፉ ውስጥ አንድ ሰው ማጨብጨብ ጀምሮ ሌላው «ተው እንጂ» አለው። እትዬ ለረጅም ጊዜ አዩኝ። «ስትጮህ ድምፅህ የአባትህ ነው» አሉ። «ይቅር ብዬሃለሁ። አሁን ወደ ኋላ ሂድና ተሰለፍ፣ ዳቦው ያልቃል።»

ከሳምንት በኋላ የሥልጠናው መዝጊያ ነበር። እያንዳንዳችን ቆመን እንድንመሰክር ተጠየቅን። ተራዬ ሲደርስ ሁሉንም እንዳለ ነገርኳቸው፤ የታክሲውን፣ የፎቶውን፣ የሚያብለጨልጨውን ወረቀት፣ አሸንዳውን። የሐሰት እጄንም ነገርኳቸው። አንዳንዶቹ ሳቁ። ሁለት ሦስቱ ደግሞ ወደ መሬት አዩ፣ እነሱም ፎቶ ነበራቸው መሰለኝ። አስተማሪው በትዕግሥት ሰማኝና ብዕሩን አዘጋጀ።

«ታዲያ በመጨረሻ ስንት ሰው ጌታን ተቀበለ?»

«ማንም። ሀጂ ሙስሊም ናቸው። እትዬ ከበፊቱ የበለጠ ኦርቶዶክስ ሆነዋል።»

አስተማሪው ትንሽ አሰበ። ቅጹ ላይ ለዚህ የሚሆን ቦታ አልነበረም። በመጨረሻ «ዘር ተዘርቷል» ብሎ ጻፈና ወደ ቀጣዩ ሰው አለፈ።

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ለእኔ ጥሩ ነበር። አላበቃም። ከታረቅን በኋላ በመጀመሪያው ወር በሃያ ሰባት፣ የመድኃኔዓለም ዕለት፣ በራችን ተንኳኳ። እትዬ ናቸው። በአንድ እጃቸው በሃይላንድ ጠርሙስ ጠበል፣ በሌላው በነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩት ዳቦ ይዘዋል። ባለቤቴ አስገባቻቸው። ተቀመጡ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ጉሮሮአቸውን ጠረጉ። ያን አቀማመጥ አውቀዋለሁ። ሥልጠና የወሰደ ሰው አቀማመጥ ነው።

«ይኸውልህ ልጄ» አሉ። «አሁን ታርቀናል፤ ስለዚህ እውነቱን ልንገርህ። ለምንድነው የእናትህን ሃይማኖት ትተህ የሄድከው?»

የተዘጋጀ መልስ ነበረኝ፤ ከሥልጠናው ደብተር ላይ አሥራ አንደኛው ገጽ ነው። ግን ንፍጤን የጠረጉ ሰው ፊት አልወጣ አለኝ። ስለዚህ የሆነውን ነገርኳቸው። ኮሌጅ ሳለሁ በታይፎይድ ሆስፒታል ተኝቼ ነበር። አጠገቤ ያለውን በሽተኛ ሊጠይቅ የሚመጣ የማላውቀው ሰው ነበር። የሱ በሽተኛ ከዳነና ከወጣ በኋላም እኔን ሊጠይቅ መምጣቱን አላቆመም። አጥሚት ያመጣል፣ ትራሴን ያስተካክላል። አንድም ቀን ስለ ሃይማኖት አላወራኝም። ለምን እንደሚመጣ የጠየቅኩት ራሴ ነኝ፣ በአሥራ አንደኛው ቀን። ከዚያ ነገረኝ። ይኸው ነው። ይህን ለባለቤቴ እንኳ በሙሉ ነግሬያት አላውቅም ነበር፤ ከጓዳ መጥታ በሩ ላይ ቆማ ሰማችኝ።

እትዬ አገጫቸውን በእጃቸው ደግፈው አዳመጡኝ። ስጨርስ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ።

«አይ ዕድል!» አሉ። «ያ ሰው ኦርቶዶክስ ቢሆን ኖሮ አንተ ይሄኔ ዲያቆን ነበርክ።»

ባለቤቴ ወደ ጓዳ ሮጣ ገባች። ሳቋን ከዚያ ሰማሁት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ በየወሩ በሃያ ሰባት ይመጣሉ። እኔን መመለስ ሥራዬ ብለው ይዘውታል፤ «ይመለሳል» ብለው ለእናቴ የገቡላት ቃል አለባቸው። ስለ ዝናብ ብናወራ በኖኅ በኩል ያመጡታል፣ ስለ ኑሮ ውድነት ብናወራ በጾም በኩል ያመጡታል። ማን እንዳስተማራቸው አላውቅም፣ ግን ከእኔ ይሻላሉ። እኔ ደግሞ እንደ ሀጂ ዝም ብዬ እሰማለሁ፤ ሰው ደክሞት መጥቶ፣ ከልቡ ሲናገር፣ ቁጭ ብሎ መስማት እንዴት እንደሚከብድ ያወቅኩት አሁን ነው። አንዳንዴ ሃያ ስድስት ላይ ሥራ አምሽቼ ልምጣ ይሆን፣ ነገ ከሰዓት የት ልሁን ብዬ አስባለሁ። ከዚያ የትም አልሄድም።

የጠበሉ ጠርሙሶች ጓዳ መደርደሪያ ላይ ተሰልፈዋል። ልጠጣው እምነቴ አይፈቅድም። ልድፋው ደግሞ እጄ አይታዘዝም። ባለፈው ወር እትዬ ጓዳ ገብተው አዩዋቸውና እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ቆሙ።

«አልጠጣኸውም?»

«አልጠጣሁትም፣ እትዬ።»

ክዳኖቹን አንድ በአንድ ጠበቅ ጠበቅ አደረጉና አዲሱን ከመጨረሻው ጎን አሰለፉት። «ግድ የለም» አሉ። «እኔ አልቸኩልም። ከግንቡ ወዲያ ነኝ።»